አክስቴ የሳመችው ብረት

ሲስተሯ ነገሩን ያነሳችው እንደ ቀላል ጨዋታ ነው። ደም የቀዳችበትን ክንዴን በጥጥ እየተጫነች፣ «እህቴ፣ አንገትሽ ላይ ወይ እጅሽ ላይ አንድ ነገር ማድረግ አለብሽ» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ነገር?»

«የልብ ሕመም እንዳለብሽና ምን መድኃኒት እንደምትወስጂ የተጻፈበት። አምባርም ይሁን፣ ሐብልም ይሁን፣ ደስ ያለሽን። መንገድ ላይ ብትወድቂ ማን ይናገርልሻል?»

«አልወድቅም» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። በየወሩ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወረፋ ይዤ ደሜን ማስለካቴ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ክኒን መዋጤ አልበቃ ብሎ፣ አሁን ደግሞ እንደ ዕቃ ምልክት ሊለጠፍብኝ ነው ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስም ደህና ዋይ አላልኳትም። እንዲህ ነኝ፤ እውነት የነገረኝን ሰው መጀመሪያ እቀየመዋለሁ።

ደረቴ ውስጥ ያለው ቫልቭ ሰው ሠራሽ ነው። ሐኪሞቹ ብረት አይደለም ይላሉ፤ እኔ ግን ድምፁን ስለምሰማው ብረት እለዋለሁ። ፀጥ ባለ ቤት ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ይህ ቫልቭ ደም እንዳይረጋበት ደሜ መቅጠን አለበት። ክኒኑ ሲያንስ ይረጋል፤ ሲበዛ ወይም ቆዳዬ ሲቆረጥ ደሜ አልቆም ይላል። ኑሮዬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሙያዬ ልብስ ስፌት መሆኑ ጠቅሞኛል፤ ሱቄ ውስጥ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ የእኔን ድምፅ የሚሰማ የለም።

ምልክቱን ማድረግ ያልፈለግሁት ለምን እንደሆነ ለሲስተሯ ብነግራት አፏን ይዛ ትስቅ ነበር። ደንበኞቼን አስቤ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ደግሞ ከዓመታት በፊት ሊያገባኝ የፈለገ አንድ አስተማሪ ነበር። ነገሩን አልደብቀውም ብዬ ነገርኩት፣ እሱም ለእናቱ ነገራት፣ እናቱም «ደረቷ የተከፈተ ሴት እንዴት ትወልዳለች?» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልቤ ለሰው ማውራት ትቻለሁ። ዋናው ምክንያቴ ግን ይህም አልነበረም። ዋናው ምክንያቴ አንድ ዣንጥላ ነው።

እናቴ የሞተችው እኔ ገና ሳልራመድ ነው። ያሳደገችኝ አንኮበር የምትኖረው ታላቅ እህቷ ናት። ለሰው ስናገር አክስቴ እላለሁ እንጂ እሷን የምጠራት «እማዬ» ብዬ ነው። የራሷ ልጅ አልወለደችም። በልጅነቴ ጉሮሮዬን እያመመኝ፣ ጉልበቴ እያበጠ ስተኛ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላኝ ቁልቁል ጸበል፣ ሽቅብ ክሊኒክ ያመላለሰችኝ እሷ ናት። ሕመሙ ልቤ ላይ ወጥቶ ሐኪሞች አዲስ አበባ ወስደው ደረቴን ሊከፍቱ ሲሉ፣ እሷ ማርያም ዘንድ ሄዳ ተሳለች። «ልጄን ከአልጋ ካስነሳሽልኝ፣ ወርቅ ዘቦ ያለው ዣንጥላ አገባልሻለሁ።»

ተነሳሁ። እሷም ቃሏን ጠበቀች። በንግሥ ቀን፣ ሕዝቡ ሁሉ ቅጥር ግቢውን ሞልቶ ባለበት፣ ስለቷ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። «ልጇ ከልብ ሕመም ፈጽማ ስለዳነችላት» ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አክስቴ መሬት ተደፍታ ሳመች። እኔ አዲስ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ዣንጥላውን ይዤ ከጎኗ ቆሜያለሁ፤ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የምውጠው ክኒን አለ። ያን ቀን ልነግራት ነበር። ፊቷን አይቼ ተውኩት። በማግስቱም ተውኩት፤ ከዚያ በኋላ መናገር እያደር ከበደኝ።

ስለዚህ ክኒኑን ከአዝራር ጋር ጣሳ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። አንኮበር ስሄድ ከቤቱ ጓሮ ዞሬ እውጠዋለሁ። ሲስተሯ ጎመን መድኃኒቱን ስለሚያደክም ስበላ ልክ እንዲኖረው፣ አንድ ሰሞን በዝቶ አንድ ሰሞን እንዳያንስ አጥብቃ ነግራኛለች። አክስቴ ደግሞ ጎመን እንደምወድ ታውቃለች። በጾም በሄድኩ ቁጥር እስክጠግብ፣ ከጠገብኩም በኋላ በጉርሻ ታበላኛለች። እምቢ ለማለት ምክንያት አልነበረኝም፤ ፈጽሜ ድኛለሁና። በወሩ መጨረሻ ሲስተሯ የደሜን ውጤት አይታ ግንባሯን ስትቋጥር፣ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ።

ሲስተሯ ግን በየወሩ ስታየኝ አንገቴንና እጄን እየተመለከተች «እስካሁን?» ስትለኝ ሰለቸኝ። አንድ ቀን ብድግ ብዬ ማኅተም ወደሚቀርጽ ሰው ሱቅ ሄድኩ። የቁልፍ መያዣም፣ የበር ቁጥርም ይሠራል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የማይዝግ ብረት መረጥኩ።

«ለመኪና ቁልፍ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው ለውሻ ነው። ሰሞኑን ፈረንጅ ውሻ ያላቸው ያሠራሉ።»

«ለራሴ ነው» ስለው ደነገጠ። የሚጻፈውን በስልኬ ላይ አሳየሁት፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ እንዳለብኝና ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን ክኒን እንደምወስድ ይናገራል። አገላብጦ አየውና «ይሄ ዋርፋሪን የሚለው የድርጅት ስም ነው?» አለ።

«አዎ፣ የምሠራበት ነው» አልኩት፤ ዓይኔን አላሸሁም።

«በአማርኛ ቢሆን ያምር ነበር። የአማርኛ ፊደል ብረት ላይ ሲቀረጽ ደስ ይላል።»

አይሆንም አልኩት። ሐኪም ሁሉ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ከሐኪም በቀር ደግሞ ማንም እንዲያነበው አያስፈልግም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ያን ዕለት ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ብረቱን ማተቤ ላይ፣ ከመስቀሌ ሥር አሰርኩት። ሁለቱ ሲነካኩ እንዳይንቃጨሉ በጥቁር ክር ሰፋኋቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ውለታ ያውቃል፤ አንገት ሳይጠመጠም የሚዋልበት ቀን ስለሌለ ሻርፔ ሁሉን ሸፈነልኝ። ለሲስተሯ ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። «ጎበዝ» አለችኝ፤ «ግን በጣም ውስጥ አልደበቅሽውም?» አለች። አላሰበችበትም እንድትል ፈልጌ ሳቅ አልኩ እንጂ፣ ሆን ብዬ ነው የደበቅኩት።

በዐቢይ ጾም የአክስቴ የማኅበር ጓደኛ ሞተች ተብሎ ተደወለልኝ። እሷም በልጅነቴ ታዝለኝ ስለነበር መቅረት አልችልም። እህል ሳልቀምስ በማለዳ ሚኒባስ አንኮበር ወረድኩ። ከቀብሩ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ለቅሶው ቤት ያለውን ዳገት ከሴቶቹ ጋር ወጣሁ። ለአንኮበር ሰው ዳገት ምንም አይደለም። እኔም የአንኮበር ሰው ነኝ ብዬ ማረፍ አሳፍሮኝ ሳላርፍ ወጣሁት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ታጭቋል፣ ይሞቃል። አንዲት ሴት «ቁጭ በይ» ስትለኝ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሲመጣብኝ ነው የማውቀው።

የነቃሁት በክብሪት ሽታ ነው። አፍንጫዬ ሥር ጭረውልኛል። ዓይኔን ስከፍት የአክስቴ ፊት ከላዬ ነው። ከኋላዋ «ደም ነው! ደም ነው ራሷ ላይ የወጣው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ቀንዱን አምጡላት!» አለች ሌላዋ።

አክስቴ በሰፈሩ በዋግምት የታወቀች ናት። ራሱን ያመመው፣ ያዞረው፣ የወደቀ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ጆሮ ግንዱን በምላጭ ጫር ጫር ታደርግና ቀንድ ገጥማ ደሙን ትመጠዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድትተወው ለምና ለምና ሲያቅታት፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ እንድትፈታ ቃል አስገብታታለች። አክስቴ በዚህ ትኮራለች። ያን ቀንም ምላጩን ከነወረቀቱ ለሰዉ ሁሉ አሳይታ ነው የፈታችው።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ለረጅም ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩት እዚህ ጋ ያለውን ነው። ነቅቼ ነበር። ምላጩን አየሁ፣ ቀንዱን አየሁ፣ ምን እንደሚከተል አወቅሁ። «መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዙሪያዬ የቆሙት እነዚያው በንግሡ ቀን እልል ያሉት ሴቶች ናቸው። በእነሱ ፊት አክስቴን ልጅሽ አልዳነችም ልበላት? ትንሽ ጭረት ናት፣ ጨብጬ እይዘዋለሁ፣ ይቆማል አልኩ በልቤ። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

ሻርፔን ፈታችው። ማተቤን ስትነካ እጇ ቆመ።

«ምንድን ነው ያሰረችው?» አለች አንዷ።

«ምኑን አውቄ፣ በረከት ይሆናል እንጂ» አለች አክስቴ። ጎንበስ ብላ ብረቱን ሳመችው፣ በግንባሯም ነካችው። ከዚያ ደም እንዳይነካው ብላ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላዬ አዞረችው። ቀዝቃዛው ብረት አንገቴን ዞሮ ትከሻዎቼ መካከል ገባ። በኋላ ምላጩ ጆሮ ግንዴ ላይ አረፈ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

መጀመሪያ ሴቶቹ ተደሰቱ። «እዩ፣ ስንት ደም ታምቆባት ኖሯል!» አሉ። ቀንዱ ሞላ፣ ተደፋ፣ ተመልሶ ሞላ። አክስቴ እንደልማዷ በጨርቅ ተጫነችው። ጨርቁ ራሰ። ሌላ ጨርቅ አመጡ። ከዚያ ሰዉ ዝም አለ። ዝምታውን ስሰማ ነው የፈራሁት። «እማዬ፣ መድኃኒት አለብኝ፣ ደሜ አይቆምም» አልኳት።

«ልጄ ትቃዣለች! መኪና ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች።

ለቀስተኛ ይዞ የመጣው ሚኒባስ ነው የወሰደን። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ አክስቴ መዳፏን ከራሴ ላይ አላነሳችም። ነጠላዋ፣ ቀሚሷ፣ እጅጌዋ ደም ሆኗል። ሌሎቹ እየተቀባበልን እንያዝላት ቢሏት እምቢ አለች። «የኔ እጅ ነው ያደረገው፣ የኔው ይያዘው» ስትል ነበር። ያን ጊዜም ነቅቼ እንደነበር አልተናገርኩም፤ ጉልበትም አልነበረኝም፣ ጉልበት ቢኖረኝም አልናገርም ነበር መሰለኝ።

የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ሲያገላብጠኝ ብረቱን ከጀርባዬ አገኘው፤ አንብቦ ወዲያው ነርሶቹን ተጣራ። ደሙ ከቆመ በኋላ ወደ አክስቴ ዞሮ በቁጣ፣ «ይህን አንገቷ ላይ አድርጋ ሳለ ማን ነው የበጣት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች። «አይቼዋለሁ። ስሜዋለሁ። ማንበብ ግን አልችልም፣ ዶክተር።»

ወጣቱ ሐኪም ቁጣው ጠፋበት። አጠገቧ ተቀምጦ «እናቴ፣ ማንበብ ቢችሉም እንግሊዝኛ ነው፣ አይፍረዱ በራስዎ» አላት። ሊያጽናናት ነው የተናገረው። እኔ ግን አልጋው ላይ ሆኜ ሸሚዝ የሚያስወልቅ የኀፍረት ሙቀት ተሰማኝ፤ በእንግሊዝኛ ያስጻፍኩት ማንም እንዳያነበው ነበርና።

ከዚያ ስለ ቫልቩ፣ ስለ ክኒኑ ነገራት። «እስከ መቼ?» አለች። «ዕድሜ ልኳን» አላት። ስለ ዣንጥላው አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። የምበላውን ጠየቀችው። ጎመን በልክ መሆን እንዳለበት ሲነግራት ግን እጇን አፏ ላይ አደረገች። «በየጾሙ እየጠቀለልኩ አጎርሳታለሁ» አለች። ለሐኪሙ ሳይሆን ለራሷ የተናገረችው ነበር።

ካገገምኩ በኋላ አንኮበር ስሄድ ብዙ ነገር ተለውጦ አገኘሁ። ቀንዱን ገደል ወርውራዋለች። ራሳቸውን ያመማቸው ሴቶች ሲመጡ ከበር ትመልሳቸዋለች። አንዷ ከእኔ ፊት «ምነው፣ እኛ እንደ ልጅሽ ደማችን አልቀጠነ» ብትላት «እጄን አላምነውም፣ ሂጂ» አለቻት። ይህ ይሁን፣ ይሻላል እንኳ። የከበደኝ ሌላ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት። ከተማ ከገባሁም በኋላ በሄድኩ ቁጥር ዱካ ላይ ከጉልበቷ ሥር እቀመጣለሁ፣ እሷም እያወራች ሹሩባ ትሠራኛለች። ያን ቀን እንደልማዴ ማበጠሪያውን ይዤ ተቀመጥኩ። አልነካችኝም። «ደብረ ብርሃን ጥሩ ሠሪ አለ አይደል፣ እዚያ ተሠሪ» አለችኝ። ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለውም ጊዜ እንዲሁ። ስታቅፈኝ እንኳ ራሴን ሸሽታ በትከሻዬ በኩል ሆነ።

እሷ የምታምነው ራሴን ስቼ በተኛሁበት፣ ሳላውቅ ልትገድለኝ እንደነበር ነው። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። አላረምኳትም። ሱቄ ተቀምጬ እርቃኔን የቆምኩ ያህል እያፈርኩ፣ ለምን አልነገርሻትም እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ከዚያ በጣሳው ውስጥ ያለውን ክኒን አወጣና እውጣለሁ፤ ሌላ ቀን ያልፋል።

በዚህ ሁኔታ ነው አምባሩን ያሰብኩት። አንገት ውስጥ የሚደበቅ ሳይሆን እጅ ላይ የሚታይ፣ ባገሬ ሰው ቋንቋ የተጻፈ። ሐኪምማ ሆስፒታል ከደረስኩ በኋላ ነው የሚያገኘኝ። ከዚያ በፊት የሚያገኙኝ ክብሪት የሚጭሩት፣ ውሃ የሚረጩት፣ ቀንድ የሚያመጡት ናቸው። ይህን ማወቅና እጅን ዘርግቶ ማሰር ግን አንድ አይደለም። ሳምንታት አመነታሁ። አንድ ቀን ቆርጬ እነሳለሁ፣ ሱቁ በር ስደርስ አልፌው እሄዳለሁ። የሠርግ ልብስ የሚያሠሩ ደንበኞቼን አስባለሁ። አንድ ቀን ሊጠይቀኝ የሚችል ሌላ ወንድ እንኳ አስቤያለሁ፣ ባይኖርም።

በመጨረሻ ገባሁ። ቀራጩ አልረሳኝም። «የዋርፋሪን ድርጅት!» አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነገርኩት። ሳቁ ቀረና ወንበር ሳበልኝ። የጻፍኩለትን ወረቀት አነበበ፦ «የልብ ሕመምተኛ ነኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ። አትብጡኝ።»

«ይሄ የመጨረሻው የግድ ነው? ቦታ ይጠባል» አለ።

«እሱ ነው ዋናው።»

«ማን ነው የሚበጣሽ?»

«የሚወዱኝ ሰዎች» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ፊደሉን አሳንሶ ሦስቱንም አስገባልኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሹራቤን እስከ ጣቴ እየጎተትኩ ነው ያሳለፍኩት። ለመለካት እጄን ስዘረጋ ግን ሹራብ ይሰበሰባል። አንዲት ደንበኛ ወገቧን እየለካኋት ጎንበስ ብላ አነበበችው። ለክቼ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ «ሠርጉ ቅርብ ነው፣ አላስቸግርሽ» ብላ ጨርቋን ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ሌላዋ ደግሞ «ክታብ ነው?» ብላኛለች። ያን ቀን ፈትቼ አዝራሩ ጣሳ ውስጥ ወረወርኩት። በማግስቱ ክኒን ላወጣ እጄን ስሰድ መጀመሪያ የያዝኩት እሱን ሆነ። አሰርኩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ፈትቼ አስሬያለሁ፤ ቆራጥ ነበርኩ ብል ውሸት ነው።

አክስቴ ዘንድ ይዤው ስሄድ በረንዳው ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየወጣ ነው። እጄን ስትስም አየችው።

«ብር ነው?» አለች።

«ብረት ነው።»

«ምን ይላል?»

አነበብኩላት። መጨረሻው ጋ ስደርስ እንዝርቷን አቆመች። «ለእኔ ነው የተጻፈው» አለች።

«ለሁሉም ነው፣ እማዬ።»

«ለእኔ ነው። ያኔ እንዲህ በአማርኛ ሆኖ፣ አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው አንብቦልኝ ቢሆን…» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «አንቺማ ምን ታደርጊ። ራስሽን ስተሽ፣ በምን አፍሽ ትናገሪ።»

አምባሩን አዞርኩት፣ መልሼ አዞርኩት። ከዚህ በኋላ ዝም ካልኩ ዕድሜ ልኬን ዝም እንደምል ገባኝ። እጄ ላይ ያለው ጽሑፍ ለመንገደኛ ሁሉ እየተናገረ፣ እኔ ላሳደገችኝ ሴት መዋሸቴ አስጠላኝ።

«አልሳትኩም ነበር» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ስትበጪኝ። ክብሪቱን ሲጭሩ ነቅቻለሁ።»

አየችኝ። «ምላጩን ስፈታ?»

«አይቼሻለሁ።»

«ስስመውስ? ያንን ብረት ስስመው?»

«አውቃለሁ፣ ወደ ኋላ ስታዞሪው ሁሉ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» ድምጿ ቀጠነ። «ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሰዉ ነበረ። ዣንጥላሽ… በእነሱ ፊት ስለትሽ አልሰመረም እንዳይሉሽ ብዬ።»

እንዝርቱን ወረወረችው። ስትቆጣ ዓይቻት አላውቅም ማለት እችላለሁ፤ ጉልበቴን በጥፊ መታችኝ፣ ደገመችኝ። «ለጨርቅ ብለሽ! ለዣንጥላ ብለሽ በእጄ ልትሞቺ! የተሳልኩት እኔ፣ የተቀበለችው እሷ፣ መሀል የገባሽው አንቺ ማን ነሽ? ቆመሽ ከመሄድሽ ወዲያ ምን ጠይቄያት ነበር?» ከዚያ ጮክ ብላ አለቀሰች። «እኔ እኮ እጄን ልቆርጠው ነበር። ይህን እጅ!» እያለች ቀኝ እጇን ታሳየኛለች። እኔም አለቀስኩ። ይቅር በይኝ አልኳት።

ለቅሷችን ሲበርድ ደረቴ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጆሮዋን ጣል አደረገች። ለብዙ ዓመታት አጠገቤ ተኝታ ስትሰማው የግድግዳ ሰዓት ይመስላት እንደነበር፣ ወይስ አውቃ ችላው እንደኖረች አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

«ማበጠሪያውን አምጪ» አለችኝ።

አምጥቼ ዱካው ላይ ከጉልበቷ ሥር ተቀመጥኩ። ፀጉሬን ከፈለችው። ንዴቷ ወደ ጣቶቿ ወረደ መሰለኝ ሳብ ሳብ እያደረገች አጥብቃ ትጎነጉነው ጀመር። ጆሮ ግንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ በአውራ ጣቷ አንዴ ዳሰሰችውና ዙሪያውን ይዛ ቀጠለች። ቆዳዬ ተወጠረ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ድሮ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ።

«አመመኝ» አልኳት።

ላላ አደረገችልኝ።